ከተማዋን በዳር ስለሚያልፍ መንገድ፦ ድሬዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ሻሂ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ከባድ መኪና ያላማረረ ሰው አላጋጠመኝም። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፦ «አቦ፣ ለምን በዳር አያሳልፏቸውም?» ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን በአንድ ስኒ ሻሂ አያልቅም። ስለዚህ ከጎረቤት፣ ከባጃጅ ሹፌርና ከባለሱቅ የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ጻፍኩባቸው። ጽሑፉ የአንድ ፕሮጀክት ማስታወቂያ አይደለም። እንዲህ ዓይነት መንገድ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚጎዳ ለመናገር ነው።

ባይፓስ የሚባለው ምን ዓይነት መንገድ ነው?

ከተማ ውስጥ ጉዳይ የሌለው መኪና ከተማውን ሳይረግጥ እንዲያልፍ የሚሠራ መንገድ ነው። ከተማው ጋ ሳይደርስ ከዋናው መንገድ ይገነጠላል፣ በዳር ይዞራል፣ ከከተማው ባሻገር ተመልሶ ከዋናው ጋር ይገናኛል። ማለፊያ መንገድ የሚሉት አሉ። ብዙው ሰው ግን ባይፓስ ነው የሚለው፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ።

ከሌላ መንገድ የሚለየው ዋናው ነገር መግቢያና መውጫው የተቆጠረ መሆኑ ነው። የማንም ሱቅ፣ የማንም ግቢ በቀጥታ በር አይከፍትበትም። ይህቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ለእኔ ግን ከአስፋልቱ ውፍረት ትበልጣለች።

ከቀለበት መንገድ በምን ይለያል?

ቀለበት መንገድ ከተማውን ለመክበብ የሚታሰብ ነው። አዲስ አበባ በ1990ዎቹ የሠራችው ወደ 33 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የለንደኑ ኤም 25 ደግሞ 188 ኪሎ ሜትር ነው። ባይፓስ ግን ቅስት ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ይዞራል። ድሬን ያህል ከተማ ቅስት ይበቃታል። በደቡብ በኩል ተራራው አለ፤ በዚያ በኩል ለመዞር መታገል ገንዘብ መጨረስ ነው።

ድሬ ውስጥ የሚያልፈው ከባድ መኪና ከየት ነው የሚመጣው?

ካርታ ብታዩ ነገሩ ግልጽ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሳ መኪና በደወሌ በኩል ከገባ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የድሬዳዋ ደወሌ የክፍያ መንገድ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ድሬ ይደርሳል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባም ይሂድ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደንገጎ መድረስ አለበት። ደንገጎ መገንጠያው ነው። በቀኝ ወደ ቁልቢና ጭሮ፣ በግራ ወደ ሐሮማያ፣ አወዳይና ሐረር ይወስዳል። ድሬ ታች ሜዳው ላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የድሬ ሲሚንቶም ወደ ላይ ይወጣል። ከደጋ ጭኖ የሚወርደውም ፍሬኑ ግሎ፣ በከባድ ማርሽ እያጓራ ከተማ ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚተላለፈው ሕፃን ትምህርት ቤት በሚሄድበት፣ ባጃጅ ሰው በሚጭንበት መንገድ ነው።

አንድ ማለዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ቦቴ ከነተሳቢው መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ረዳቱ ወርዶ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» እያለ በእጁ ያሳያል። ከኋላ ባጃጆች ተደርድረው ጡሩንባውን ያቀልጡታል። መንገድ ዳር ፈጢራ የምትጠብስ ሴት መኪናውን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ምጣዷን ከነማንደጃው ወደ ውስጥ ጎተተች። የተሳቢው የኋላ ጎማ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ረግጦ ወጣ፤ ከዚያ ዱብ ብሎ ወረደ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሴትየዋ ምጣዷን መልሳ አወጣች። «በየቀኑ ነው» አለችኝ። ምጣዱ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረው ያ ጎማ ካረፈበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር።

ያለውን መንገድ ማስፋት አይቀልም?

የተሠራ ከተማ ውስጥ መንገድ ማስፋት ማለት ቤት ማፍረስ ማለት ነው። ከዚራን አስቡት። የባቡር ሰዎች በመስመር የቀየሱት ሰፈር ነው፤ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሚሰጥ። ያንን ዛፍ ለተሳቢ መኪና ብሎ መቁረጥ በድሬ ሙቀት ግፍ ነው። መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛና ጠባብ ነው፤ ላስፋው ብትሉ የሚቀር ሰፈር የለም።

ሌላም ነገር አለ። አስፋልትን የሚጎዳው የመኪና ብዛት ሳይሆን በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት አለ፦ በአክስል ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሺህ ባጃጅ የማያደርሰውን አንድ የተጫነ ተሳቢ ያደርሳል። ለከተማ መኪና የተሠራን መንገድ ብታሰፉት ስብራቱ ሰፊ ይሆናል እንጂ አይቀርም።

ከባድ መኪና በሌሊት ብቻ ይግባ ቢባልስ?

እንደ ጊዜያዊ መላ ጥሩ ነው። ለዘለቄታው ግን አያዛልቅም። ሹፌሩ ከተማው ጫፍ ላይ ሲጠብቅ ይውላል። የሚጠብቅበት ቦታ ከሌለ መንገድ ዳር ይደረደራል። ሌሊት ሲለቀቅ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ ሰፈሩ እንቅልፍ አያገኝም። በድሬ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መተኛት አይቻልም፤ ሞተሩ የሚጮኸው ጆሮ ሥር ነው።

ባቡሩ አለ አይደል?

አለ፤ ብዙም ይረዳል። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ነገር ግን ባቡር ከጣቢያ ጣቢያ ነው። ከጣቢያ ወደ መጋዘን፣ ከፋብሪካ ወደ ሐረርና ጅግጅጋ የሚያደርሰው መኪና ነው። ወደ ሐረር የሚወጣ ሐዲድ የለም። ባቡሩ በሠራ ቁጥር ድሬ ላይ ተራግፎ በመኪና የሚጫነውም ሊጨምር ይችላል።

መኪናው በዳር ካለፈ ሱቄ አይከስርም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ከድሬ የተሻለ ምስክርም ያለ አይመስለኝም። ድሬ ራሷ የተወለደችው ሌላ ከተማ በዳር ስለታለፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ሐረር በዘመኑ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ናት። ግን ተራራው አለ። ሐዲዱን ያንን ዳገት ማስወጣት ገንዘቡም ድካሙም ከባድ ሆነ። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ እንዲሄድ ተደረገና በ1895 ዓ.ም. ተራራው ግርጌ ደረሰ። ያ ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው እሱን ነው። ነጋዴው ወረደ፣ መጋዘኑ ወረደ፣ ጉምሩኩ ወረደ። ሐረር አልጠፋችም፤ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገልም አለ፣ ቡናዋም አለ። የጅምላ ንግዱ ግን ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በዳር መታለፍ ቀልድ አይደለም፤ የከተማን ዕድል ያዞራል። ሁለተኛ፣ ሐረርን የጎዳት ሐዲዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መራቁና በመሃል ዳገት መኖሩ ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፍ፣ በሁለትና ሦስት ቦታ መግቢያ ያለው መንገድ ያን ያህል አይጎዳም።

ማን ይጎዳል? በሚያልፍ ሹፌር ብቻ የሚተዳደር ሰው። መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ፣ አልጋ ቤት፣ የሹፌር ምግብ ቤት። ለእነዚህ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። መግቢያው ላይ የከባድ መኪና ማረፊያ ከተሠራ ቦታው በመጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ለእነሱ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው ግን ደንበኛው ቦቴ ነጂ አይደለም። ደንበኛው ከሳቢያን፣ ከለገሃሬ፣ ከገጠርም የሚመጣ ሰው ነው። መንገዱ ቀለል ካለ ይህ ሰው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት አሮጌው መንገድ ላይ ያለችው ዱከም ሞተች ተብሎ ነበር። ቁርጥ መብላት የፈለገ ሰው ግን ዛሬም አሮጌውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ስም ያለው ቤት ሰውን ያዞራል።

ጎርፉስ?

ይህን ጥያቄ ሰው አዘውትሮ ባይጠይቀኝ እንኳ እኔ ራሴ አነሳው ነበር። ድሬ ላይ መንገድ ማለት ውኃ ማለት ነው።

ወንዞቻችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ናቸው። ደቻቱን በእግር ትሻገሩታላችሁ፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ውኃው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ዛሬም ተራራው ላይ መብረቅ ሲያይ አይተኛም።

አሁን መንገዱን አስቡ። ውኃው የሚወርደው ከደቡብ ተራራ ወደ ሰሜን ሜዳ ነው። ከተማውን በዳር የሚዞር መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሁሉንም ጎርፍ መውረጃ አንድ በአንድ ይቆርጣል። መንገዱ ደግሞ በአፈር ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያ ከፍታ ማለት ግድብ ነው። በሰሜን በኩል ቢሆንና ድልድዩ ቢጠብ ውኃው መሄጃ አጥቶ ወደ ከተማው ይተኛል። በደቡብ ቢሆን ደግሞ ቱቦው በድንጋይና በግንድ ሊደፈን፣ ከፍታው ሲደረመስ የታቆረው ውኃ በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። አሸዋው ሙሉ ስፋቱን እንደያዘ የሚሻገር ረጅም ድልድይ መሥራት፣ ትናንሽ ቱቦዎች ደርድሮ አለመብቃቃት። ደረቁን ወንዝ አይቶ «እዚህ እኮ ውኃ የለም» የሚል ሰው ዲዛይን እንዳያደርግ እሰጋለሁ። የወንዙ ልክ በደረቁ ጊዜ አይታይም። ወርዱን የሚያውቁት ዳሩ ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው።

መንገዱ ዳር ቤትና ሱቅ ለምን ይከለከላል? ልማት አይደለም እንዴ?

አንድ በር ሲከፈት ሌላው ይከተላል። ዛሬ አንድ ጎሚስታ፣ ነገ አንድ ሻሂ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሰልፍ የጨረቃ ቤት። ቀጥሎ ባጃጅ ይቆማል፣ እግረኛ ይሻገራል፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራል። በአሥር ዓመቱ ባይፓሱ ሌላ የከተማ መንገድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ «ሌላ ባይፓስ እንሥራ» ይባላል።

የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ ሲሠራ ብዙ ቦታው ዳር ነበር። ዛሬ መሃል ከተማ ነው። የሞስኮው ክብ መንገድ፣ 109 ኪሎ ሜትሩ፣ ለዓመታት የከተማዋ ወሰን ነበር፤ ከተማዋ ዘልላው ሄደች። ከተማ ማደጉ አይቀርም። እኛ የምንችለው የመንገዱን ግራና ቀኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት መያዝና ሰፈር ከተሠራም ከጎኑ ባለ የውስጥ መንገድ እንዲገባና እንዲወጣ ማድረግ ነው። ደላላ ከመሐንዲሱ ቀድሞ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቦታው መከለል ያለበት መስመሩ በተሰመረ ማግስት ነው።

ከመጀመሪያው ሰፊ መሬት መያዝም ይጠቅማል። ካምፓላ በ2009 እ.ኤ.አ. 21 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የሰሜኑን ባይፓስ ስትከፍት አብዛኛው በአንድ ጎዳና ሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድበት ነበር። ወዲያው ተጨናነቀ፤ እንደገና ማስፋት ግድ ሆነ።

መሬቴ ላይ ቢያልፍ ምን አገኛለሁ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። መሬት አይሸጥም፤ ካሳው የሚታሰበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለሚቋረጠው ገቢ ነው። ስለዚህ የጫቱን እግር፣ የማንጎውን ዛፍ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት ዛሬውኑ ቁጠሩ። ፎቶ አንሱ። የይዞታ ወረቀታችሁን አዘጋጁ። ገማች ሲመጣ አብራችሁ ዙሩ፤ «እነሱ ያውቃሉ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። አንድ የማውቀው ሰው በሌላ ሥራ ምክንያት ሲነሳ የሎሚ ዛፎቹ ሳይቆጠሩ ቀሩ። ያንን ለማስተካከል ሁለት ዓመት ተመላለሰ።

እረኛና ግመል በየት ይሻገራሉ?

ከሥር። በሜዳው የሚኖሩ ወገኖቻችን ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ውኃና ገበያ ፍለጋ ይሻገራሉ። ከተማው የሚጠጣው የግመል ወተት የሚመጣው በእነሱ ነው። ግመል ደረጃ አይወጣም፤ በጠባብ ቱቦም አይገባም። ከፍ ያለና ብርሃን የሚያስገባ የሥር መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ድልድዩ ለጎርፍ ብሎ ረጅም ከተሠራ ግን ግመሉም በዚያው ያልፋል። አንድ ወጪ ሁለት ነገር ይፈታል።

ለሰውም እንደዚያው ነው። መሻገሪያው ሩቅ ከሆነ ሰው አጥር ዘልሎ ይሻገራል። አዲስ አበባ ላይ አይተነዋል፤ ብዙ ሕይወትም ጠፍቷል።

መጨናነቁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል?

አይጠፋም። የሚወጣው አላፊው መኪና ብቻ ነው። ወደ ደረቅ ወደቡ፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ገበያው የሚመጣው ይቀራል። ለዚህ ነው መንገድ ከመቀየስ በፊት የመነሻና መድረሻ ጥናት የሚሠራው፦ በየመግቢያው ቆሞ «ከየት ነህ? ወዴት ነህ?» ማለት። አላፊው ጥቂት ከሆነ ባይፓሱ ባዶውን ይቀራል። መልካ ጀብዱ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደቡ በቀጥታ ካልተገናኙበት ደግሞ መኪናው ተመልሶ ከተማ ይገባል።

ሌላው፣ አዲስ መንገድ አዲስ መኪና ይጠራል። ኤም 25 በ1986 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞላ፤ ደጋግሞ ሰፋ፤ ዛሬም ይሞላል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ የተለቀቀውን ቦታ ለእግረኛ፣ ለብስክሌት፣ ለባጃጅ ማቆሚያ ወዲያው መስጠት ይሻላል። ካልሆነ በቆመ መኪና ይሞላል።

ክፍያ ይኖረዋል?

ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ባይፓስ ላይ ክፍያ ካለና ከተማ ውስጥ ማለፍ ነፃ ከሆነ ሹፌሩ ከተማውን ይመርጣል።

ለሐረርስ ያስፈልጋል?

ወደ ባቢሌና ጅግጅጋ የሚሄደው መኪና ሐረርን ይነካል። ጁገል ግን በአምስቱ ጥንታዊ በሮቹና በግንቡ የተነሳ ከባድ መኪና አያስገባም። የ16ኛው መቶ ዘመን ግንብ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል። ችግሩ ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ ነው። እዚያ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ጥያቄው ከድሬ ይለያል፤ ለብቻው ሊጻፍበት ይገባል።

ለቁልቢ ንግሥ ይጠቅማል?

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ድሬን አቋርጦ ለሚሄደው ምዕመን ከተማውን ማለፍ ይቀለዋል። እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት ግን ያው ዳገት ነው።

የነዋሪ ስብሰባ ቢጠራ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መጀመሪያ ካርታው ይታይ በሉ። ወሬ ሳይሆን መስመሩ። ከዚያ መግቢያዎቹ ስንት እንደሆኑና የት የት እንደሆኑ ጠይቁ። የሰፈራችሁ ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ በየት እንደሚሻገሩ ጣታችሁን ካርታው ላይ አድርጋችሁ አሳዩ። ግራና ቀኙን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ቤት ሲሠራበት ማን እንደሚጠየቅ ስም ያለው መልስ ጠይቁ።

ደግሞ አንድ አዛውንት ይዛችሁ ሂዱ። በ1998ቱ ጎርፍ ውኃው ግድግዳው ላይ እስከ የት ደርሶ እንደነበር በእጃቸው የሚያሳዩ እናት ወይም አባት በየሰፈሩ አሉ። መሐንዲሱ የድልድዩን ቁመት ከመጻፉ በፊት ያንን እጅ ይየው።